የመስከረም ሃያ ዘጠኙ ፓስወርድ

ወሰን ሰፈር፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ረዳ
እንጦጦ ማርያም፣ ጸበል

በየእሑዱ ጸበል የሚወጡት እትዬ ጂቱ ያመጡልኝን ብጣሽ ወረቀት አነበብኩ። «ቢሮ ሰላም ነው ወይ? ኮሚቴውስ አለቀለት?» ይላል። ሰላም ነው ጋሽ ረዳ! የሦስት ሺህ ሁለት መቶ ደንበኛ የሕክምና ወረቀት ቴሌግራም ላይ ተዘርግፎ፣ ማን ስኳር እንዳለበት፣ ማን ልጅ እንደማይወልድ ሰፈር ሁሉ እያነበበ፣ የእኛ ሰዎች በአራት ሰዓት ሻያቸውን ይጠጣሉ። ኮሚቴውም አላለቀለትም፤ ገና ስሙ ላይ እየተከራከረ ነው። «የአደጋ ምላሽ ኮሚቴ» ይባል ወይስ «የክስተት አጣሪ ግብረ ኃይል»? ሁለት ስብሰባ ሄደበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ የእኛዎቹ መጮኹንም አልቻሉበትም።

እርስዎ ጥቅምት 6 ጸበል ከወጡ ወዲህ የሆነውን ልንገርዎት። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፈ። መረጃው በማን ስም፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ምክንያት እንደወጣ የኢንሹራንሱ የደኅንነት ኃላፊ እስከ ኅዳር 5 ድረስ ፈርማ ታቅርብ ይላል። የደኅንነት ኃላፊዋ ደግሞ እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጃችን ኦልያድ (አንቱታው እዚህ ወረቀት ላይ ይቅርበት) ደብዳቤውን እንደ ቆሻሻ በሁለት ጣቱ ይዞ መጣና «ጋዲሴ፣ አንድ ሰው ይጻፍና ይዘጋ» አለኝ። የትኛው ሰው እንደሆነ አልነገረኝም፤ ግን ባዶውን የሲስተም ክፍል ኃላፊ ወንበርዎን እያየ ነበር የሚያወራው።

እንዳልከራከርልዎት ሲስተሙ አይዋሽም። ሐሙስ መስከረም 29፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከአርባ፣ በእርስዎ ስምና በእርስዎ ፓስወርድ ተገብቷል። ስልክዎ ላይ የተላከው ባለ ስድስት አኃዝ ማረጋገጫም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተሞልቷል። ከዚያ በኋላ በሃያ ደቂቃ ፋይሉ ሁሉ በፍላሽ ተገለበጠ። «ፓስወርዱን የሰጠ ስሙን ሰጠ» እያሉ ይህን ሥራ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። አሁን በስምዎ ላይ ምን እንደተጫነ እርስዎን አላስረዳም።

የደኅንነት ደንባችንን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። አማካሪ ተብዬው ከየት አገር እንደገለበጠው እንጃለት፣ አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ «ከባድ የበረዶ ማዕበል መንገድ በዘጋ ጊዜ ሠራተኛው ከቤቱ ይሥራ» ይላል። ወሰን ላይ! የበረዶ ማዕበል! ቦርዱ በጭብጨባ አጽድቆታል። የካሳና የሲስተም ክፍል ሠራተኞች አርባ አንዱም «አንብቤ ተረድቻለሁ» ብለው ፈርመውበታል። ሥልጠና የሰጠኋቸው ቀን የመጡት ለአበሉ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፣ እነሱም አይደብቁም። ፓስወርዳቸውን የልጃቸውን ስም ያደርጉታል፤ የልጃቸው ስም እንዳይጠፋባቸው ደግሞ ከኪቦርዱ ሥር ይለጥፉታል። ከዚያ «ሲስተሙ ደካማ ነው» ይላሉ። ወይ አለማፈር!

እርስዎ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ነው የቀረዎት። ስምዎ ብቻውን ከተጻፈ መባረር ብቻ አይደለም፤ ፖሊስም ይጠብቅዎታል። እኔ ደግሞ የማላምንበት ወረቀት ላይ አልፈርምም። ስለዚህ እዚያ ስልክ ክልክል ነው ካሉ በወረቀት አንድ ጥያቄ ይመልሱልኝ። ያን ሰዓት በስምዎ የገባው ማን ነው?

ጋዲሴ ጉዲሳ


እንጦጦ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2018

ለጋዲሴ

በመጀመሪያ እንዴት ሰነበትሽ ይባላል። አባትሽ አቶ ጉዲሳ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሰው መንገድ ላይ ካገኙ ከብቱ፣ ልጁ፣ ጎረቤቱ፣ የጎረቤቱ አማት ሳይቀሩ ሳይጠየቁ አይለቁም ነበር። ልጃቸው ግን «ስድስት ሰዓት ከአርባ» ብላ ትጀምራለች። እንዴት ሰነበትሽ? ወንድምሽ እንዴት ነው? አርባቸው መቼ ይውላል?

እኔ ደኅና ነኝ። ወገቤ ጠዋት ጠዋት ይለቀኛል፤ ማታ ተመልሶ ይይዘኛል። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የጭቃ ቤት ተከራይቻለሁ፤ ብርዱ ከባሕር ዛፉ እየወጣ በስንጥቁ ይገባል። ሰው እዚህም ሰው ነው፣ ንቀት ከፈለግሽ ሞልቶልሻል። ጎረቤቴ የሆነ ከበርቴ ጸበሉን ተጠምቆ ሲያበቃ በታሸገ ውሃ ፊቱን ይታጠባል። «ጀርም አለው» አለኝ። እንግዲህ እግዜርንም የሚጠራጠር የደኅንነት ኃላፊ አገኘሁ ብዬ አንቺን አስታወስሁ።

ጥያቄሽን አይቼዋለሁ። ስሙ የእኔ ነው። ፓስወርዱ የእኔ ነው። ማረጋገጫው የመጣበት ስልክም የእኔ ነው። ሦስቱም የእኔ ከሆኑ አራተኛ ነገር ምን ያደርግልሻል? ኦልያድ በዕድሜው አንድ ጊዜ ትክክል ተናግሯል፤ አትጣይበት። ረዳ ብለሽ ጻፊ፣ ፈርሚ፣ ዝጊው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔም ከዚህ በላይ አልናገርም።

ለእትዬ ጂቱ ወፍራም ካልሲ ስጫት፣ ታምጣልኝ።

ረዳ


ወሰን፣ ጥቅምት 22 ቀን 2018

ለተከበሩ ጋሽ ረዳ

እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎስ? ጸበሉስ? ከበርቴው ጎረቤትዎስ? ቆሎው ጥርስዎን አልጎዳዎትም? ወንድሜ ደኅና ነው፣ አርባው ኅዳር 7 ነው፣ ጎረቤቶች ደኅና ናቸው፣ ውሻው ሳይቀር ደኅና ነው። ካልሲው ተልኳል። በቃ? አሁን ወደ ውሸትዎ ልለፍ።

መዋሸት አይችሉበትም። ያን ሐሙስ ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ እርስዎ ኮምፒውተር ፊት አልነበሩም። የካ ሚካኤል የአባቴ መቃብር አፋፍ ላይ ከእኔ ጎን ቆመው ነበር። የአጎቴ ልጅ ያነሳው ፎቶ አለ፤ ቀኝ እጅዎ ትከሻዬ ላይ ነው፣ ግራ እጅዎ ስልክ ይዟል። አሁን ትዝ አለኝ። ካህናቱ ፍትሐቱን ሳይጨርሱ ስልክዎ ጠራ፣ ዞር አሉና በሹክሹክታ ቁጥር አነበቡ። አባቴ አፈር ሳይቀምስ! ሌላው ሁሉ ቢያደርገው አይገርመኝም፤ እርስዎን ግን ያን ቀን ናቅኩዎት። እውነቴን ነው፣ ናቅኩዎት።

እርስዎ ካልነገሩኝ ብዬ ራሴ ጠየቅኩ። የካሳ ክፍል በር ላይ ስደርስ ወሬው ቀጥ ይላል፤ እሱን ለምጄዋለሁ። አፏን የከፈተችልኝ ሀይማኖት ብቻ ናት፣ ከተቀጠረች ያኔ ገና ሦስት ሳምንት የነበራት፣ ከአርባ አንዱ ጋር ያልተቆጠረች የኮንትራት ሠራተኛ። አዲስ ስለሆነች ለቅሶ አይገባትም ተብላ ብቻዋን ቀርታለች። እርስዎ ፓስወርድዎን ወረቀት ላይ ጽፈው ሰጥተዋታል፤ ማረጋገጫ ሲጠይቃት ትደውላለች፣ እርስዎ ስድስቱን አኃዝ ያነቡላታል። እርስዎ! ጋሽ ረዳ! ወረቀት ላይ!

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ሰውዬ ገባ። ነጠላውን ለሐዘን አዘቅዝቆ ለብሷል። «ለቅሶ አልሄዱም እንዴ?» አለችው። «ከዚያው ነው የመጣሁት፤ ጋሽ ረዳ ፋይል አውጣልኝ ብለው ልከውኝ ነው» አላት። አለቀ። ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው መታወቂያ ይጠየቃል እንዴ? ነውር አይደለም? ወንበሯን ለቀቀችለት። ሲስተሙ ሲዘጋበት ደወለችልዎት፣ ቁጥሩን ሞላችለት፣ ከዚያ ሻይ ልታመጣለት ወጣች። ሻይ! ለሌባ! ፖሊስ እንደሚለው ሰውየው ዓምና ያሰናበትነው የሽያጭ ወኪል ነው። ቢሮው ባዶ እንደሚሆን በምን አወቀ ይበሉኝ። በራችን ላይ ከለጠፍነው የሐዘን ማስታወቂያ! ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ከነማኅተሙ። ሌባውን በደብዳቤ የጠራ መሥሪያ ቤት ከእኛ ሌላ ካለ ይጠቁሙኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ለእነዚህ ሰዎች ያለኝን ንቀት ያውቁታል፣ አልደብቅም። አንድ ነገር ግን ልመስክርላቸው። ያን ቀን አርባ አንዱም መጡ። ሁለት አውቶቡስ ሙሉ። አክስቶቼ «ጋዲሴን ቢሮዋ እንዴት ቢወዳት ነው!» እያሉ ለሰው ሁሉ ያወሩ ነበር። እኔም በልቤ፣ ሌላ ደንብ ባይገባቸው ይህ አንዱ ገብቷቸዋል አልኩ። ማታ ስተኛ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አባቴን በቀበርኩ ቀን።

ይህ ግን ጥያቄዬን አያስቀረውም። ደንቡ ለቅሶም ይሁን ሠርግ ከሦስት አንዱ እጅ ሥራ ላይ ይቅር ይላል። ይህን አንቀጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የበረዶውን አይደለም። አሥራ አራት ሰው ወንበሩ ላይ ቢቀር ኖሮ ያ ነጠላ ለባሽ ከበሩ አያልፍም። አርባ አንዱም ይውጣ ያለው ማን ነው? ለምን?

ጋዲሴ


እንጦጦ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2018

ለጋዲሴ

ሰላምታሽ ደርሶኛል። የውሻውን ደኅንነት በመስማቴ ተጽናናሁ። ካልሲው ጠቦኛል፣ ግን አድርጌዋለሁ።

ይውጡ ያልሁት እኔ ነኝ። ለምን ለሚለው መልስ አለኝ፤ አልጽፈውም።

ሀይማኖትን አታንገላቻት። ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው መታወቂያ ብትጠይቅ ኖሮ ቀድሜ የምቆጣት እኔ ነበርሁ። አንቺ እንደዚህ ያለውን ሰው አስቁመሽ ትጠይቂው ነበር፣ አውቃለሁ። ሁሉም ሰው እንዳንቺ አልተፈጠረም፤ ይህን ለሙገሳ ይሁን ለወቀሳ እንዳልሁት እኔም አላውቀውም።

መቃብሩ አጠገብ ስልክ ማንሳቴን ይቅር በይኝ። ከጻፍሽው ሁሉ እሱ አመመኝ። ሌላው ቀላል ነው። የሰው ስም ሲጠፋ የሚወራው የሌላ ሰው ስም እስኪጠፋ ድረስ ነው፣ ሁለት ወር ቢሆን ነው። ልጆቼ አድገዋል። ጻፊና ዝጊው አልሁሽ።

ረዳ


ወሰን፣ ጥቅምት 29 ቀን 2018

ጋሽ ረዳ

ደኅና ይሁኑ። ከዚህ የበለጠ ሰላምታ ዛሬ የለኝም።

ማክሰኞ አንዲት ደንበኛ መጣች፣ ወይዘሮ ዳርቱ ትባላለች። እዚህ ወሰን ጋራዦቹ መሀል ምግብ ቤት አላት። ሕመሟ ቴሌግራም ላይ ከወጣ ወዲህ መካኒኮቹ ምሳ ሌላ ቦታ ይበላሉ። አልጮኸችም። ጠረጴዛዬ ፊት ቆማ «ለሐኪምና ለእናንተ ብቻ ነበር የነገርኩት፤ ከሁለታችሁ ማነው አሳልፎ የሰጠኝ?» አለችኝ። «እያጣራን ነው» አልኳት። የኦልያድን ቃል በኦልያድ ድምፅ ተናገርኩ።

ስለዚህ «መልስ አለኝ፣ አልጽፈውም» የሚባል ነገር ለእኔ አይሠራም። እርስዎ ብቻዎን ሰማዕት ሆነው እኔ የምፈርምበት ድራማ አይኖርም። ፓስወርድ የሰጡት አንድ ነዎት፤ ወንበር ጥለው የወጡት ግን አርባ አንድ ናቸው። ምክንያቱን ካልነገሩኝ የማውቀውን እጽፋለሁ። «አርባ አንድ ሠራተኞች ደንቡን አንብበውና ፈርመውበት ሳለ ሥራቸውን ጥለው ወጥተዋል፤ ስም ዝርዝራቸው ተያይዟል።» ከላይ የምጽፋት ሀዊን ነው፣ የካሳ ክፍሏን፣ ዓይኔን ማየት የምትጠየፈውን። ቋሚዎቹ ማስጠንቀቂያ ይደርሳቸዋል፣ ኮንትራቶቹ ይሰናበታሉ። ይሰናበቱ! ለንፍሮና ለወሬ ብለው የወይዘሮ ዳርቱን ምስጢር ሜዳ ላይ ጥለው ሄደዋል። መጥተውልኛል ብዬ ደስ ያለኝም እኔ ጅል ነኝ። ለእኔ ብለው አይደለም፤ እነዚህ ሰዎች አውቶቡስ ከተዘጋጀላቸው የማንም ቀብር ላይ ይገኛሉ።

ዝርዝሩን አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ። ነገ በእትዬ ጂቱ እጅ መልስ ካልመጣልኝ ሰኞ ጠዋት አስገባዋለሁ።

ጋዲሴ


እንጦጦ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2018

ጋዲሴ ልጄ

አታስገቢው። እባክሽ።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድሁት። እትዬ ጂቱ ደጅ ተቀምጣ «መሸብኝ» እያለችኝ ነው። እንግዲህ አራተኛውን አልቀድም።

ሰዎቹ ደንብሽን አልጣሱም። ረቡዕ ከሰዓት የአባትሽ ሞት ሲሰማ ካሳ ክፍል ገባሁና «ነገ በስድስት ሰዓት ቀብር ነው፤ በደንቡ ከሦስት አንዱ እጅ ይቀራል። መቅረት የሚፈልግ ስሙን ይጻፍና ይፈርም» አልሁ። ወረቀቱ በሁለቱም ክፍል ዞሮ ሲመለስልኝ አርባ አንድ ስም ነበረበት። ሁሉም ልቅር ብሎ ፈርሟል። አንቀጹን በቁጥሩ ጠቅሰው የተከራከሩኝም አሉ። ደንብ አይገባቸውም ትያለሽ፤ የዚያን ቀን ከእኔ በላይ ገብቷቸው ነበር።

ለምን አትበይኝ። በአምስት ዓመት ውስጥ ስንት ለቅሶ ደረስሽ? «አንድ ሰው ሲስተሙን ይጠብቅ» እያልሽ ሁልጊዜ የምትቀሪው አንቺ ነሽ። ሀዊ የእናቷን ሞት ስልክ ላይ ሰምታ እየጮኸች ስትወጣ ኮምፒውተሯን አልቆለፈችም ብለሽ በዚያው ቀን ማስጠንቀቂያ አስጻፍሽባት። ልክ ነሽ፣ አልቆለፈችውም። ደብዳቤው የደረሳት ግን ከሠልስት ስትመለስ ነው። ያን ጊዜ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ፈራሁሽ። አስተማሪሽ ሆኜ ፈራሁሽ።

እናትሽን ስንቀብር ከቢሮ አራት ነበርን፣ አንዱ ሾፌሩ። አባትሽ ድንኳኑ በር ላይ እጄን ይዘው «ልጄ የምትሠራበት ቤት ሰው የለውም እንዴ?» አሉኝ። የሥራ ቀን ሆኖ ነው ብዬ ዋሸኋቸው። አላመኑኝም። ለእሳቸው ቀብርም ያው አራት ሰው ይዤ ልቆም አልቻልሁም። እሳቸው ባያዩም አንቺ ትቆጥሪ ነበር። አክስቶችሽም ይቆጥሩ ነበር።

ስለዚህ ለመንሁ። ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ዞርሁ። ሀዊ እምቢ ስትለኝ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰውዬ መሬት ላይ ተንበረከክሁላት። ሥራውን ለእኔ ተዉት፣ በእኔ ስም ይሠራል፣ ጥያቄ ቢመጣ እኔ እመልሳለሁ አልሁ። ፓስወርዴን ለሀይማኖት የሰጠሁት ለዚያ ነው። ምን እንደሰጠሁ አውቄ ነው የሰጠሁት። እነሱ ቃሌን አምነው መጡ፤ አሁን በእነሱ ላይ ከዞረ እኔ ሰው አይደለሁም።

ወረቀቱን ከኪሴ አልለየሁትም። ለማንም ላሳየው አልፈልግም ነበር፣ ለአንቺ ደግሞ ጨርሶ። ግን አንቺ ያለ ማስረጃ አታምኚም። ይኸው ከዚህ ጋር አለ። አንብቢውና ቅደጂው፤ የእኔንም ስም ጻፊ። ጸበሉን ብለሽ እንደሆነ ግማሹ ለወገቤ ነው፣ ግማሹ ዓይንሽን ላለማየት ነው።

ረዳ


ወሰን፣ ኅዳር 20 ቀን 2018

ለጋሽ ረዳ

እንደምን ሰነበቱ። ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩት ተቀይሜዎት ነው። አሁንም አልወጣልኝም፣ ስለዚህ ይስሙኝ።

ማን ለምኑልኝ አለዎት? አራት ሰው ቢሆን አራት ሰው ነው! ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእኛዎቹ ያለ ልብም አይገዳቸውም ለካ። ሀዊ ደረቷን ስትመታ አይቻታለሁ። ለእናቷ እንደነበር አሁን ገባኝ። እኔ ደግሞ አጠገቧ ቆሜ፣ ለአባቴ ነው ብዬ፣ በልቤ ሳመሰግናት ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ ቢሮ በጎን በር ገባሁ። አምስት ዓመት እነሱን ስንቅ እነሱም እንደሚንቁኝ አላየሁም። የሚገባውን የሚወጣውን ሁሉ እመዘግባለሁ የምል ሴትዮ! ከኦልያድ በምን ተሻልኩ? እሱ ቢያንስ ለቅሶ ይሄዳል።

አርባውን ከቤተ ዘመድ ጋር አወጣነው። የቢሮ ሰው አልጠራሁም፣ የመጣም የለም።

ሪፖርቱን ኅዳር 5 አስገብቻለሁ። ሌባውን ጽፌአለሁ። የሐዘን ማስታወቂያውንም ጽፌአለሁ። እርስዎንም ጽፌአለሁ፤ ፓስወርድ ሰጥተዋል፣ ይህን እርስዎም ሆኑ እንጦጦ ማርያም አያስተዉኝም። የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር አላያያዝኩም። ምክንያት በሚለው ሥር ግን «ሠራተኞቹ በደንቡ መሠረት ለመቅረት ጠይቀው ሳለ፣ የደኅንነት ኃላፊዋ አባት ቀብር ላይ እንዲገኙ በሲስተም ክፍል ኃላፊው ስለተለመኑ» ብዬ ጻፍኩ። ኦልያድ አንብቦት «ይህ እኮ የቤት ጉዳይ ነው» አለኝ። «የወጣው የሦስት ሺህ ሰው የቤት ጉዳይ ነው» አልኩት።

ውሳኔው ትናንት መጣ። እርስዎ ከኃላፊነት ወርደው በባለሙያነት ይቀጥላሉ፤ ጡረታዎ አይነካም። ፖሊስ የሚፈልግዎት ለምስክርነት ብቻ ነው። ሀይማኖት ቀርታለች፤ እንዳትባረር የተከራከርኩላት እኔ ነኝ፣ ይህን ለእሷ አይንገሯት። ወይዘሮ ዳርቱ ጋ ሁለት ቀን ሄጄ ምሳ በላሁ። ሹሮዋ ጥሩ ነው። ከእኔ ሌላ ማንም አልነበረም፤ በእኔ አንድ ምሳ የሚካስ ነገር አይደለም።

ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ግን ከውሳኔው ጋር አንድ ተጨማሪ ማብራሪያ ጠየቀ። እንዳለ ልገልብጥልዎት። «ሠራተኞች በቀብሩ ላይ እንዲገኙ መለመን ያስፈለገበት ምክንያት፣ ተመሳሳይ ሁኔታ እንዳይደገም ሲባል፣ በግልጽ ተብራርቶ በጽሑፍ ይቅረብ።»

ኮሚቴው በደስታ ተሰበሰበ። ግማሽ ገጽ አረቀቁልኝ፤ «ከተቋማዊ ባህል ክፍተት የመነጨ የሥራ ጫና» ይላል። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳቸው፣ አርቃቂውም አያውቀውም። ኦልያድ «እንደዚሁ ይሻላል፣ ማንንም አይነካም» አለ።

ወጣሁና ሀዊ ጠረጴዛ ፊት ሄጄ ቆምኩ። «ጋሽ ረዳ ባይለምኑሽ ኖሮ አባቴ ቀብር ላይ ትመጪ ነበር?» አልኳት። ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝ። «አልመጣም ነበር» አለችኝ። እዚህ መሥሪያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ለጠየቅኩት ጥያቄ የተሰጠኝ የመጀመሪያው ትክክለኛ መልስ ነው። አመሰገንኳት። የእናቷንም ነገር ልል አስቤ ነበር፤ አፌ አልታዘዘልኝም።

ነገ ለጽዮን ማርያም ከእትዬ ጂቱ ጋር በእግሬ እወጣለሁ። ዓይኔን የሚሸሹበት ቦታ ይፈልጉ።

እርስዎ ቅደጂው ያሉኝን ሳይሆን ኮሚቴው ያረቀቀውን ቀድጄ ማብራሪያውን ራሴ ጻፍኩት፤ አንድ መስመር ነው። «ሠራተኞቹ የደኅንነት ኃላፊዋን ስለማይወዷት ነው።» ፈርሜበታለሁ፣ ማኅተም ተመትቶበታል፣ ቁጥር ወጥቶለት ዛሬ ጠዋት ተልኳል። ማስረጃ በሚለው ቦታ ላይ «አርባ አንድ ፊርማ ያለበት አንድ ገጽ ተያይዟል» ብዬ ሞልቻለሁ።

ጋዲሴ ጉዲሳ